የጎርፉ ውሃ ለምን ሳይጣራ ባህር ይገባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በባህር ጠረፍ ከተማ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ባህሩ ዳር ዳሩን ቡናማ ይሆናል። ‹አትዋኙ› የሚል ምልክትም ይተከላል። ከተማችን ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አላት። ታዲያ የጎርፉ ውሃ ለምን ሳይጣራ ይለቀቃል? በየቱቦው አፍ ላይ መረብ ቢገጠም አይበቃም? ደግሞስ ባህርን የሚያህል ነገር የአንድ ቀን ጎርፍ ቢገባበት ምን ይሆናል?»

ምላሽ፦ የጎርፉ ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው አይሄድም። ቱቦው ተበላሽቶ ወይም አንድ ሠራተኛ ዘንግቶ አይደለም። ሲሠራም እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። በአብዛኞቹ አዳዲስ ከተሞች ከመሬት በታች ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። አንዱ የመጸዳጃውን፣ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያውን ፍሳሽ ይዞ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ሌላው በመንገድ ዳር ባለው ፍርግርግ የገባውን የዝናብ ውሃ ይዞ ቅርብ ወዳለው ወንዝ ወይም በቀጥታ ወደ ባህር ይደፋዋል። ይህ ሁለተኛው መስመር ሲዘረጋ ዓላማው አንድ ነበር፤ ውሃውን ከሰው ደጅ ቶሎ ማራቅ። ከቱቦው ጫፍ ወዲያ ስላለው ነገር ያሰበ አልነበረም።

ለሁለቱም አንድ ቱቦ የሚጠቀሙ ከተሞችም አሉ፤ በተለይ አሮጌዎቹ። ከባህር ጠረፍ ከተሞች ሳን ፍራንሲስኮ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ቀላል ዝናብ ሲጥል የመንገዱ ውሃም ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር አብሮ ይጣራል። ይህ ጥሩ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ግን ቱቦው ይሞላና ድብልቁ ወደ ባህር ይተርፋል። ጎርፍ ብቻ ሳይሆን ጎርፍና ሽንት ቤት ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ከተማዋ በጠረፉ ዙሪያ ትርፉን የሚይዙ ግዙፍ የኮንክሪት ማጠራቀሚያዎችን ቀብራለች። ስለዚህ «አንድ ቱቦ ይሻላል ወይስ ሁለት?» ለሚለው ቀላል መልስ የለም። ሁለቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው።

«ታዲያ ጎርፉን ወደ ማጣሪያው ብናዞረውስ?» ይሉኝ ይሆናል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከተማዋ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ትስፋ፤ ግማሿ በጣራ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት የተሸፈነ ይሁን። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከተሸፈነው ግማሽ ብቻ 1.25 ቢሊዮን ሊትር ይወርዳል። አሁን ከፍሳሹ ጋር እናወዳድረው። አንድ ሰው በቀን 200 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል ብንል፣ 1 ሚሊዮን ሰው በቀን 200 ሚሊዮን ሊትር ያወጣል። እንግዲህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የስድስት ቀን ፍሳሽን ይበልጣል። ያውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው። ይህን የሚችል ጣቢያ ቢሠራ እንኳ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሌላም ነገር አለ። በማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ቆሻሻውን የሚበሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ድንገት ያን ሁሉ ውሃ ብንለቅባቸው ታጥበው ይወጣሉ። ጣቢያው ወደ ቀድሞ አቋሙ እስኪመለስ ደግሞ የመጸዳጃው ፍሳሽ ራሱ በቅጡ ሳይጣራ ይሄዳል።

ወደ ባህሩ ስፋት ልምጣ። ባህሩ ሰፊ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ ጎርፉ በዚያ ስፋት ላይ ወዲያው አይበተንም። የዝናብ ውሃ ጨው ስለሌለው ከባህር ውሃ ይቀላል። ስለዚህ ከላይ ይንሳፈፋል። ሞገዱ ደግሞ ወደ ዳር እየመለሰ በባህር ዳርቻው ጎን ለጎን ይጎትተዋል። ያዩት ቡናማ ቀለም እሱ ነው። ልጆች የሚንቦጫረቁት፣ ብዙ ዓሣ የሚፈለፈለውና የሚያድገውም እዚያችው ቀጭን መስመር ላይ ነው። ባህሩ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሰፋ ለዚያች መስመር ምንም አይጠቅማትም።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በጋ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ባህረ ሰላጤ ላይ ከ10,000 በላይ ዋናተኞች ተጠይቀው ነበር። ከጎርፍ መውረጃ ቱቦ አፍ ፊት ለፊት የዋኙት፣ 400 ሜትር ያህል ርቀው ከዋኙት ይልቅ በትኩሳት፣ በሆድና በጆሮ ሕመም ይበልጥ ተጠቅተው ተገኙ። ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ የተካሄደው በበጋ ነው። ዝናብ አልነበረም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ውሃው ውስጥ ምን አለ? ብዙ ሰው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስባል። ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች የምንፈራው የማይታየውን ነው። የውሻ እዳሪ፣ ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚያፈተልክ ፍሳሽ፣ ከግቢ የታጠበ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ፣ መሬት ላይ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት አለ። ከመኪና የሚራገፈው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከፍሬን ሸራ መዳብ ይረግፋል። መዳብ ለሰው ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለዓሣ ግን በጥቂቱም ቢሆን የማሽተት ችሎታውን ይነሳዋል። ካሊፎርኒያ በ2010 ሕግ አውጥታ በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ ከ2025 ጀምሮ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ያደረገችው ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ለጎርፍ ውሃ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። አንድም ቱቦ አልቆፈረም፤ መዳቡን ገና ከፋብሪካው አስቀረው።

የጎማው ጉዳይ ግን ከሁሉም ይገርማል። በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ ባሉ ጅረቶች ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዝርያ እንቁላሉን ለመጣል ከባህር ይመለሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን እንቁላሉን ሳይጥል በሰዓታት ውስጥ ይሞት ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም። በመዳብ ተሞከረ፣ በነዳጅ ተሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በ2020 ተመራማሪዎች ገዳዩን አገኙት። ጎማ በአየር ላይ ባለ ኦዞን እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ራሱ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ 6ፒፒዲ-ኪኖን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ዓሣውን የሚገድለው እሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። መርዙ ከመታወቁ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2015፣ እዚያው አካባቢ የተሠራ ሙከራ ይፋ ሆኖ ነበር። ከአውራ ጎዳና የተጠራቀመውን ጎርፍ በአሸዋ፣ በብስባሽና በተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ድብልቅ ውስጥ አሳለፉት። ባልተጣራው ውሃ ውስጥ የገቡት ዓሦች ሞቱ። በተጣራው ውስጥ የገቡት ኖሩ። የመርዙን ስም የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አፈሩ ሥራውን ሠርቶ ነበር።

ስለ መረቡ እንነጋገር። መረብ ይጠቅማል፤ ለሚይዘው ነገር ብቻ። በካሊፎርኒያ «ቆሻሻን ሙሉ በሙሉ ይይዛል» የሚባለው መሣሪያ መለኪያው 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ማስቀረቱ ነው። አንድ ባክቴሪያ ከዚያ ቀዳዳ በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። የሟሟ መዳብና 6ፒፒዲ-ኪኖንማ እዚያ መረብ መኖሩንም አያውቁ። በአሜሪካ ባልቲሞር ወደብ ከ2014 ጀምሮ በወንዝ ግፊትና በፀሐይ ኃይል እየዞረ ቆሻሻ የሚያወጣ መንኮራኩር አለ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተገጥመውለታል፤ ልጆች ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ። ፕላስቲኩን ወደ ባህር እንዳይገባ ያደርጋል፤ ውሃውን ግን ለመዋኛ አያበቃውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በየጊዜው የማይጸዳ መረብ ከመረብ አልባ ቱቦ የባሰ ነው። በቅጠልና በላስቲክ ይደፈንና መንገዱን ያጥለቀልቃል። ከዚያ አንድ ሰው በዶማ ይቀደዋል።

አሁን ወደ በጋው ልመለስ፤ ብዙ ከተሞች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ዝናብ በሌለበት ወርም የጎርፍ ቱቦው አይደርቅም። መኪና ይታጠባል፣ አትክልት ከመጠን በላይ ይጠጣል፣ የምግብ ቤት ወለል ወደ ውጭ ይጠረጋል። ይህ ውሃ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግን ወፍራም ነው። የሚያቀጥነው ዝናብ የለም። ደርሶ የሚጠራቀመውም የባህር ዳርቻው በሰው በተጨናነቀበት ወቅት ነው። የምሥራቹ ትንሽ በመሆኑ መያዝ መቻሉ ነው። በቱቦው ጫፍ አካባቢ ትንሽ ፓምፕ ይተከልና ውሃው ወደ መጸዳጃው መስመር ይገፋል። ከዚያ እርስዎ ወደጠቀሱት ጣቢያ ሄዶ ይጣራል። ዝናብ ሲጀምር ፓምፑ ይቆማል። የሳንታ ሞኒካ ከተማ ደግሞ በ2001 በባህር ዳርቻዋ አጠገብ ለዚሁ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ማጣሪያ ከፍታለች። ሲከፈት በቀን እስከ 1.9 ሚሊዮን ሊትር የደረቅ ወቅት ፍሳሽ እንዲያጣራ ነበር የተሠራው፤ የተጣራው ለአትክልት ማጠጫና ለሽንት ቤት ይውል ነበር።

በደረቅ ወቅት የሚፈስ ቱቦ ሌላም ነገር ይነግራል። አንዴ እንዲህ ያለ ቱቦ ይዘን ማንሆል በማንሆል እየከፈትን ወደ ላይ ወጣን። በአንዱ ውስጥ ውሃው ለብ ያለና የሳሙና ሽታ ያለው ሆነ። አንድ ሕንፃ ገብተን ሽንት ቤቱ ውስጥ ማቅለሚያ ጨመርን፤ ከደቂቃዎች በኋላ ቀለሙ በጎርፍ ቱቦው ውስጥ ብቅ አለ። የሕንፃው የመጸዳጃ መስመር በስህተት እዚያ ላይ ተቀጥሎ ነበር። በተንኮል አልነበረም፤ ቧንቧ ሠራተኛው ሲቆፍር መጀመሪያ ያገኘውን ቱቦ ነው የቀጠለው። እንዲህ ያለ አንድ ቅጥያ መቶ ውሾች ከሚያደርሱት ጉዳት ይብሳል። ሳይፈልጉት ደግሞ አይገኝም።

የዝናቡን ውሃ በተመለከተ መፍትሔው ያለው ከቱቦው ጫፍ ሳይሆን ከወደቀበት ቦታ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ በጣም ብዙ፣ በጣም ፈጣን፣ በጣም የተደባለቀ ነው። ከላይ ግን እያንዳንዱ ጣራ፣ እያንዳንዱ መኪና ማቆሚያ የሚያመነጨው ሊያዝ የሚችል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃው ይቆይ፣ ይስረግ፣ በአፈርና በሥር ውስጥ ይለፍ። ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ የተሠራ የአትክልት መደብ፣ ከጣራ በአሸንዳ ወርዶ ወደ ቱቦ ሳይሆን ወደ ሣር የሚሄድ ውሃ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ ከሕዝብ መናፈሻ ሥር የተቀበረ ማጠራቀሚያ፤ ሁሉም የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2012 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ አዲስ ግንባታና ትልቅ እድሳት የመጀመሪያውን 19 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በግቢው እንዲይዝ ታስገድዳለች። ሲንጋፖር ከዚህም አልፋ ሄዳለች። ከአገሪቱ ስፋት ሁለት ሦስተኛው የሚያወርደው ዝናብ ተጠራቅሞ ለመጠጥ ይጣራል። ከ2008 ጀምሮም በባህሩና በከተማው መካከል የተሠራው የማሪና ግድብ ለዚሁ ያገለግላል።

ለምን «የመጀመሪያው» ዝናብ ይባላል? ዝናብ ሲጀምር የሚወርደው የመጀመሪያ ውሃ የተጠራቀመውን አጥቦ ስለሚወርድ ነው። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው ደግሞ ከዓመቱ ጎርፍ ሁሉ የቆሸሸው ነው። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ነገር በደንብ የሚሠራው በትንሽ ቦታ፣ ለምሳሌ በአንድ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። በትልቅ ከተማ የሩቁ ሰፈር የመጀመሪያ ጎርፍ ወደ ባህር የሚደርሰው የቅርቡ ከጠራ በኋላ ነው። ስለዚህ በትልቁ ቱቦ ጫፍ ላይ ቆሞ «መጀመሪያ የመጣውን ብቻ ልያዝ» የሚል ከተማ ገንዘቡን ያባክናል።

ማስረጉም ገደብ አለው። የሸክላ አፈር ውሃ በቶሎ አያሳልፍም። ጠረፍ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ከላይ ቅርብ ነው፤ ጉድጓድ ሲቆፈር ገና ከወገብ ሳይደርስ ውሃ ይመጣል። እዚያ ማስረግ አይሆንም፤ ማጠራቀምና ማጣራት እንጂ። ድሮ ነዳጅ ማደያ ወይም ፋብሪካ በነበረበት መሬት ውሃ ማስረግ የተቀበረውን መርዝ መቀስቀስ ነው። ተዳፋት ጫፍ ላይ ማስረግ ደግሞ መሬቱን ሊንድ ይችላል። ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የቆመ ውሃም በሦስት ቀን ውስጥ ካልሰረገ የወባ ትንኝና የሌላው ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ባህሩ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥርም የቱቦዎቹ አፍ በሙላት ሰዓት ከባህር በታች ይውላል። ያኔ ውሃው መውጣት ትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ያንን ያስቆማል፤ ግን በዚያው ሰዓት ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ከመዝጊያው ጀርባ ይታቆራል። ስለዚህ ውሃውን ከላይ መያዝ ባህሩን ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ እንዳይጥለቀለቅም ነው።

ከሁሉም የሚያደክመው ጥገናው ነው። ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ይመጣል፤ ደለል ሲጠረግ ግን ማንም የለም። ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ በየጊዜው በማሽን ካልተመጠጠ ተደፍኖ ተራ ንጣፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ቋሚ ገቢ የሚያስፈልገው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች በ2018 ያጸደቁት ግብር ጥሩ መንገድ ያሳያል። ባለይዞታው የሚከፍለው በቤቱ ዋጋ ሳይሆን ውሃ በማያሰርገው ስፋት ልክ ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር በዓመት 27 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ። ኮንክሪት ያበዛ ይከፍላል። ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ።

የእኔ ምክር ቅደም ተከተል አለው፤ ከተማዎ ሊያዛንፈው አይገባም። መጀመሪያ በደረቅ ወቅት የሚፈሱትን ቱቦዎች ሁሉ ተከታትሎ የተሳሳቱ ቅጥያዎችን ይዝጋ። ርካሹና ውጤቱ ቶሎ የሚታየው ይህ ነው። ቀጥሎ ሰው በሚበዛባቸው የባህር ዳርቻዎች የደረቅ ወቅቱን ፍሳሽ በፓምፕ ወደ ማጣሪያው ያዙር። ሦስተኛው ረጅሙ ሥራ ነው፤ ማንኛውም አዲስ ግንባታና የመንገድ እድሳት የራሱን ዝናብ እንዲይዝ በሕግ ያስገድድ። ነባሩን ከተማ ሁሉ በአንዴ ማፍረስ አይቻልም፤ መንገድ ግን ሁሌም ይታደሳል። መረቡ ከእነዚህ ጎን ይግባ እንጂ በእነዚህ ቦታ አይግባ። አንድ ባለሥልጣን መረብ አስገጥሞ ፎቶ ተነስቶ «ባህሩን ታደግን» ካለ፣ ስንት የደረቅ ወቅት ቱቦዎች እንደተመረመሩ ይጠይቁት።

እርስዎ በበኩልዎ ዝናብ ካቆመ በኋላ 72 ሰዓት አይዋኙ። ውሃው ጠርቶ ቢያዩትም አይግቡ። የተለመደው የባክቴሪያ ምርመራ ውጤቱን ለመስጠት 24 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያነቡት ምልክት የትናንቱን ውሃ ነው የሚነግርዎ። በደረቁም ወቅት ከቱቦ አፍ 100 ሜትር እንኳ ራቅ ይበሉ፤ 400 ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። በተለይ ልጆች በቱቦው አፍ ላይ በምትታቆረው ሞቅ ያለች ኩሬ መጫወት ይወዳሉ። ከባህር ዳርቻው ሁሉ የከፋችው ውሃ እሷ ናት።